ጥያቄና መልስ፦ አንዱ ግራፊን ያስተላልፋል፣ ሌላው ያግዳል፤ ለምን?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ የገጠማቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ግራፊን ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ አቻ የለውም ሲባል ሰምተው በእጃቸው ያለውን ሲለኩት መልቲሜትሩ ሌላ ነገር አሳያቸው። የሰሙትም የለኩትም እውነት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የካርቦን አቶሞቹ የተያያዙበት ሥርዓት ጥራት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ በእርሳስ ያሰመሩትን መስመር በመልቲሜትር ይለካሉ። በኤችቢ እርሳስ የተሰመረው ብዙ ጊዜ ሜጋ ኦም ያሳያል ወይም ጭራሽ አይነበብም፤ በ6ቢ የተሰመረው ወደ ኪሎ ኦም ይወርዳል። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ስንለካው እንኳ ቁጥሩ አይመሳሰልም። ግራፋይት የግራፊን ድርብርብ ከሆነ ለምን እንዲህ ይሆናል?

መልስ፦ መምህር፣ ከመነሻው እንጀምር። ግራፊን የካርቦን አቶሞች እንደ ማር እንጀራ በስድስት ጎን ተያይዘው የሠሩት፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ ነው። በሁለት ጎረቤት አቶሞች መካከል 0.142 ናኖሜትር አለ። ንጣፎቹ ተደራርበው ግራፋይት ሲሆኑ ደግሞ በአንዱና በሌላው መካከል 0.335 ናኖሜትር ይኖራል። ኤሌክትሮን በንጣፉ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ከአንዱ ንጣፍ ወደ ሌላው መዝለል ግን ይከብደዋል። ጥራት ባለው ግራፋይት በንጣፉ አቅጣጫ ያለው አስተላላፊነት ከላይ ወደ ታች ካለው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።

በእርሳሱ እንጨት መሃል ያለው ጥቁር ዘንግ ንጹሕ ግራፋይት አይደለም። የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ ጋር ተለውሶ፣ በእሳት ተተኩሶ የተሠራ ነው። በኤችቢ ውስጥ በግምት ሁለት ሦስተኛው ግራፋይት፣ ሩብ ያህሉ ሸክላ ነው፤ በ6ቢ ግራፋይቱ ወደ 84 በመቶ ይወጣል፣ ሸክላው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ሸክላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በግራፋይቱ ቁርጥራጮች መካከል ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ የኤችቢው መስመር አንዳንዴ ጭራሽ የማይነበበው አንዱን ቁርጥራጭ ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ ስለሚጠፋ ነው።

በ6ቢም ቢሆን ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ወጥ ንጣፍ ሳይሆን የቁርጥራጭ ክምር ነው። ኤሌክትሮኑ በየቁርጥራጩ ላይ በቀላሉ ያልፋል፤ የሚያጓትተው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላሉ። የተሰመረውን መስመር ለክተው፣ በማንኪያ ጀርባ ጫን ብለው አሽተው፣ እንደገና ይለኩት። አንዲት የካርቦን ቅንጣት ሳይጨመር ሬዚስታንሱ (በኦም የሚለካው፣ ኤሌክትሪክን የማገድ መጠን) ይወርዳል፤ ቁርጥራጮቹ ጠፍጠፍ ብለው ስለተኙና ስለተነካኩ ነው።

የቁጥሩ መለዋወጥ ግን በአብዛኛው ከመለኪያው ጫፍ የሚመጣ ነው። መልቲሜትር በሁለት ጫፍ ሲለካ የመስመሩን ሬዚስታንስ ጫፎቹ ከካርቦኑ ጋር ከሚነካኩበት ቦታ ሬዚስታንስ ጋር ደምሮ ነው የሚያሳየው። ጫፉን ጠበቅ ወይም ላላ ሲያደርጉት ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሹሉ ጫፍ ካርቦኑን ከጫረው ደግሞ ይባስ ይጨምራል። ሁለቱን ለመለየት እንዲህ ያድርጉ። በ6ቢ ስፋቱ 1 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ጥብጣብ በወረቀቱ ጠርዝ አጠገብ ያጥቁሩ፤ 20 ጊዜ በርዝመቱ፣ 20 ጊዜ በወርዱ። የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጮችን አጥፈው በጥብጣቡ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያስይዙ፤ የመልቲሜትሩን ጫፍ ፎይሉ ላይ እንጂ ካርቦኑ ላይ አያሳርፉ። በፎይሎቹ መካከል ያለውን ርቀት 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሴንቲሜትር እያደረጉ ይለኩና ርዝመቱን በአግድም፣ ሬዚስታንሱን በቁም አድርገው ግራፍ ይሥሩ።

ለምሳሌ በ2 ሴንቲሜትር 3 ኪሎ ኦም፣ በ10 ሴንቲሜትር 11 ኪሎ ኦም ቢያገኙ በየሴንቲሜትሩ 1 ኪሎ ኦም ይጨምራል ማለት ነው። መስመሩን ወደ ዜሮ ርዝመት ሲስቡት 1 ኪሎ ኦም ላይ ያርፋል፤ ይህ የመነካኪያዎቹ ድርሻ ስለሆነ ከካርቦኑ ጋር አይገናኝም። ጥብጣቡ 1 ሴንቲሜትር ስለሚሰፋ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር አንድ ካሬ ነው፤ ስለዚህ የንጣፉ ሬዚስታንስ በካሬ 1 ኪሎ ኦም ይባላል። ከዚህ በኋላ የምንሰጣቸውን ቁጥሮች ለማነጻጸር «በካሬ» የሚለውን መለኪያ ያስታውሱ፤ ውፍረቱ በማይታወቅ ስስ ነገር ላይ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎችን እንጨምር። ወረቀቱ ወደ ውጭ ሲታጠፍ ቁርጥራጮቹ ይራራቃሉ፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል፤ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ያስሩት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣልም፤ የበጋውን ንባብ ከክረምቱ ጋር አያወዳድሩ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከአንኮበር። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ግራፊንን በተራ ፕላስተር ልጠው አገኙት ይባላል። ታዲያ ዛሬ በውድ ማሽን የሚመረተው ለምን በፕላስተር ከተላጠው ያንሳል? ደግሞስ ግራፊን ካለ የመዳብ ሽቦ ለምን ይመረታል?

መልስ፦ ልጃችን፣ ጥያቄሽ የጉዳዩን እምብርት ነክቷል፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንመልስልሻለን።

አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያንን ሥራ ይፋ አደረጉ፣ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የላጡት ግራፋይት በሥርዓት ያደገ፣ ክሪስታሉ ትልልቅ የሆነ ነበር። ፕላስተሩ አዲስ ነገር አልሠራም፤ አስቀድሞ በከፍተኛ ሙቀት በሥርዓት የተያያዘውን ነጠላ ንጣፍ ከክምሩ ለየው እንጂ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ፀጉር ውፍረት ባይበልጥም ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው።

ማሽኑ ከባዶ ነው የሚጀምረው። 25 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመዳብ ፎይል 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል፤ ሚቴንና ሃይድሮጅን ይለቀቅበታል። ሚቴኑ መዳቡ ላይ ይፈርስና ካርቦኑ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ መተሳሰር ይጀምራል። ብዙ ሸማኔዎች አንድ ጨርቅ ከየማዕዘኑ ጀምረው ድሩን በተለያየ አቅጣጫ ወጥረው ሲሠሩ አስቢ፤ መሃል ላይ ሲገናኙ ድርና ማጉ አይገጥምም፣ ስፌት ያስፈልገዋል። በግራፊን ያ ስፌት ባለ ስድስት ጎኑ ቤት ተዛብቶ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ጎን ቤቶች የተደረደሩበት መስመር ነው። ኤሌክትሮኑ እዚያ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል። መዳቡን ማለስለስና የሚቴኑን ፍሰት መቀነስ የመነሻ ቦታዎቹን ያሳንሳል፤ ስፌቱም ያንሳል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ሲቀዘቅዝ መዳቡ ይኮማተራል፣ ግራፊኑ ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይሸበሸባል። ከዚያም ከመዳቡ መላቀቅ አለበት። ላዩ ላይ ፒኤምኤምኤ የተባለ ፕላስቲክ በስሱ ይቀባል፣ መዳቡ በአሞኒየም ፐርሰልፌት ወይም በፌሪክ ክሎራይድ ይሟሟል፣ የተረፈው ስስ ነገር በውሃ ታጥቦ አዲስ መደብ ላይ ይተኛል፣ ፕላስቲኩ በአሴቶን ይታጠባል። በዚህ መሃል ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ውሃ ይዞ ይቀራል፣ የፕላስቲክ ርዝራዥ ይጣበቅበታል። ከማሽኑ ጥሩ ሆኖ የወጣ ግራፊን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ዝውውር ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የአንድ ንጣፍ አስተላላፊነት የኤሌክትሮኖቹ ብዛት፣ የእያንዳንዱ ቻርጅና የቅልጥፍናቸው (በኤሌክትሪክ ግፊት ምን ያህል ፈጥነው እንደሚሄዱ) ብዜት ነው። ብዛቱ በካሬ ሴንቲሜትር 1 ትሪሊዮን ይሁን እንበል። ተራ ሲሊኮን ኦክሳይድ ላይ የተቀመጠ ጥሩ ግራፊን ቅልጥፍናው 10,000 ካሬ ሴንቲሜትር በቮልት ሰከንድ ቢሆን ሬዚስታንሱ በካሬ 625 ኦም ይሆናል። እንከን በዝቶበት ቅልጥፍናው ወደ 1,000 ቢወርድ 6,250 ኦም ይሆናል። በመጀመሪያው ኤሌክትሮኑ ሳይጋጭ ወደ 117 ናኖሜትር ይጓዛል፣ በሁለተኛው 12 ናኖሜትር ብቻ። ንጣፉ በሁለት የቦሮን ናይትራይድ ክሪስታሎች መካከል ሲታቀፍ ግን በክፍል ሙቀት ከ100,000 ያልፋል፣ ጉዞውም ከአንድ ማይክሮሜትር ይበልጣል። ግራፊኑ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተኛበት መደብ ነው። ሲሊኮን ኦክሳይድ ሻካራ ነው፣ በውስጡም የታሰሩ ቻርጆች ኤሌክትሮኑን ከሥር ይጎትቱታል።

ስለ መዳብ ደግሞ። ከላይ ያልነውን ባለ 625 ኦም ንጣፍ በ0.335 ናኖሜትር ውፍረት ብናሰላው በሜትር 4.8 ሚሊዮን ሲመንስ (የአስተላላፊነት መለኪያ) ይመጣል። የመዳብ 59.6 ሚሊዮን ነው፤ አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ግራፊን መዳብን በውፍረት ልክ ለመስተካከል በካሬ ወደ 50 ኦም መውረድ አለበት፤ ለዚያም ከቅልጥፍናው በተጨማሪ የኤሌክትሮኖቹ ወይም የቀዳዳዎቹ (ኤሌክትሮን ጎድሎባቸው እንደ አዎንታዊ ቻርጅ የሚሄዱ ቦታዎች) ብዛት መጨመር ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ኮሪያ 30 ኢንች ስፋት ያለው ግራፊን ሲመረት አንዱ ንጣፍ በካሬ 125 ኦም ገደማ ነበረው፤ አራት ንጣፍ ተደራርቦ በናይትሪክ አሲድ ከታከመ በኋላ ወደ 30 ኦም ወረደ። «ከመዳብ ይበልጣል» የሚባለው ነጠላ፣ እንከን የለሽ፣ በጥሩ መደብ ላይ ላለ ንጣፍ የሚነገር ነው። ብዙ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ሽቦ ሲሆን መገጣጠሚያዎቹ ያንን ብልጫ ይበሉታል። ስለዚህ መዳብ ሥራ አይፈታም።

ፕላስተሩን መሞከር ከፈለግሽ የግራፋይት ቅርፊት አስር ጊዜ ያህል በፕላስተር እያጣበቅሽ ገንጥዪ። ተራ መስታወት ላይ ግን ነጠላውን ንጣፍ ለማየት ትቸገሪያለሽ፤ ከሚያልፍበት ብርሃን የሚያስቀረው 2.3 በመቶ ብቻ ነው። ላቦራቶሪዎች 90 ወይም 300 ናኖሜትር ኦክሳይድ ያለው ሲሊኮን የሚጠቀሙት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀለሙ ጎልቶ እንዲለይ ነው።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተመራቂ ተማሪ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። ግራፊን ኦክሳይድን (ኦክስጅን የተያያዘበትን ግራፊን) በቫይታሚን ሲ ወደ ግራፊን ለመመለስ ሞክሬ ነበር። መመሪያው በ95 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይላል። ውህዱ ጠቆረ፣ አጣርቼ አደረቅሁት፣ ሲለካ ግን ሜጋ ኦም ነው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቴርሞሜትርዎን ይመኑ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ላለ ሰው ስለሆነ ክፍት ብርጭቆ ውስጥ 95 ዲግሪ ፈጽሞ አይደርሱም። እሳቱን ቢጨምሩ ፍላቱ ይበረታል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው። ብርጭቆውን በ88 እና በ90 ዲግሪ መካከል ይዘው 15 ደቂቃውን ወደ አንድ ሰዓት ያስረዝሙት፤ እየተነነ የሚያልቀውን ውሃ በሙቅ የተጣራ ውሃ ይተኩ።

መጠኑን እንዲህ ያስተካክሉ። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ግራም ግራፊን ኦክሳይድና 35 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ። የፋርማሲ እንክብል አይጠቀሙ፤ ስታርችና ማጣፈጫ ስላለው ንጣፎቹን ይሸፍናል። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በአሞኒያ ጠብታ ወደ 9 ወይም 10 ያድርሱት። ይህን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ በአሲድ ውስጥ ንጣፎቹ የሚገፋፉበትን ቻርጅ ያጡና ገና ሳይቀየሩ ይጓጉላሉ፣ የጉግሉ ውስጥ ሳይነካ ይቀራል። ከላይ መጥቆሩ የውስጡን አይነግርም። ካጣሩ በኋላ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በውሃ ይጠቡት፣ በ60 ዲግሪ አንድ ሌሊት ያድርቁት፣ በሁለት ለስላሳ ብረቶች መካከል ይጫኑት።

የሚጠብቁትን ቁጥርም ይወቁ። በደንብ የተመለሰ ውህድ በሜትር ጥቂት ሺህ ሲመንስ ይሰጣል። 5,000 ብንል፣ 1 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ፊልም በካሬ 200 ኦም ይሆናል። ስለዚህ ሜጋ ኦም ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ኦክስጅኑ ገና አልወጣም ወይም ፊልሙ ተሰነጣጥቋል። ለመለየት መልቲሜትሩን አስነክተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቁጥሩ ያለማቋረጥ ከተንሸራተተ የሚያስተላልፈው በንጣፎቹ መካከል የቀረው ውሃ ነው፤ ጸንቶ ከቆመና ከፍ ካለ በማጉያ መነጽር ስንጥቅ ይፈልጉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ፊልሙ በፕላስተር የተላጠውን አይደርስም፤ ምክንያቱ ኦክሳይዱ ሲሠራ የደረሰው ጉዳት ነው። ፖታሲየም ፐርማንጋኔትና ሰልፈሪክ አሲድ ኦክስጅንን ከካርቦኑ ጋር ሲያያይዙ አንዳንዱ ካርቦን ጭራሽ ከቦታው ይነቀላል። ሲመለስም ኦክስጅኑ በካርቦን ሞኖክሳይድና በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ካርቦን ይዞ ይወጣል። ቀዳዳው ይቀራል። ቫይታሚን ሲ ኦክስጅን ያስወጣል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። ቀዳዳውን የሚደፍነው በአርጎን ውስጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ነው፤ ይህ ልዩ ምድጃ ይጠይቃል። በአየር ውስጥ አይሞክሩት፣ ካርቦኑ ይቃጠላል።

በእጅዎ ያለው ዋናው መፍትሔ ከመነሻው አብዝቶ አለማቃጠል ነው። ፐርማንጋኔቱን በበረዶ መደብ ላይ፣ ውህዱ ከ20 ዲግሪ ሳያልፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ይህ ስለ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ፐርማንጋኔትና ውሃ ያልተጨመረበት ሰልፈሪክ አሲድ የሚፈጥሩት ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ ከ55 ዲግሪ በላይ ይፈነዳል። ያለ መከላከያ መስታወትና ያለ አስተማሪዎ አይሥሩት። በደንብ ያልታጠበ ደረቅ ግራፊን ኦክሳይድም በፖታሲየም ርዝራዥ ምክንያት በድንገት ሊነድ ይችላል፤ በብዛት አድርቀው አያስቀምጡ።

ናሙናውን ለራማን ምርመራ (ከናሙናው የሚበተን የሌዘር ብርሃን ለውጥ የሚነበብበት) ከላኩ ይህን ይያዙ፤ ቁጥሮቹ በአንድ ሴንቲሜትር የሚቆጠሩ የሞገድ ቁጥሮች ናቸው። 1,350 አካባቢ የሚታየው የዲ ጫፍ የእንከን ምልክት ነው፤ 1,580 አካባቢ ያለው የጂ ጫፍ የካርቦኑ መረብ ነው፤ 2,700 አካባቢ ያለው ቱ-ዲ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ነጠላ ንጣፍ ነው። በጥሩ ግራፊን የዲ ጫፍ አይታይም ማለት ይቻላል። በተመለሰ ኦክሳይድ ግን የዲ ለጂ ንጽጽር ከመመለሱ በፊት ከነበረው ከፍ ሊል ይችላል፣ አይደንግጡ። በጣም በተበላሸ ካርቦን ውስጥ አዳዲስ ትንንሽ የጸዱ ቦታዎች ሲፈጠሩ ዲ አብሮ ይጨምራል። እንከን እየበዛ ሲሄድ ንጽጽሩ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ከሬዚስታንሱ ጋር አብረው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። «ግራፊን» ተብሎ የሚሸጥ ጥቁር ዱቄት ገዝቼ አስተላላፊ ቀለም ለመሥራት አሰብኩ፤ ለተቆረጡ የሪሞት ኮንትሮል መስመሮች። በማጣበቂያ ለውሼ ስቀባው ምንም አላስተላለፈም። ዱቄቱ የውሸት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት የ60 አምራቾችን ዱቄት መርምሮ በአብዛኞቹ ውስጥ እውነተኛው ግራፊን ከ10 በመቶ በታች እንደሆነ አገኘ፤ ቀሪው ቀጭን ግራፋይት ነበር። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ትርጓሜ ከ3 እስከ 10 ንጣፍ «ጥቂት ንጣፍ ግራፊን» ይባላል፤ ከ10 ከበለጠ ግራፊን አይባልም። ለእርስዎ ሥራ ግን ጥሩ ግራፋይትም ይበቃል፤ የሚጎዳዎት ኦክሳይድ ከሆነ ነው።

ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። የጣት ቁንጥር ዱቄት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርገው ይበጥብጡ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ተመሳስሎ ከቆየ ኦክሳይድ ነው፣ አያስተላልፍም። ጥቁር ሆኖ ከላይ ከተንሳፈፈ ወይም ከሥር ከተኛ ካርቦኑ ኦክስጅን አልበዛበትም። ለሁለተኛው 10 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ላይ ዱቄቱን ሞልተው በሁለት ብሎን ከሁለቱም ጫፍ በሞርሳ ይጫኑ። ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች ካነበበ ዱቄቱ ጤነኛ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን የመልቲሜትር ጫፎች አነካክተው የሽቦዎቹን ሬዚስታንስ ይቀንሱ።

ዱቄቱ ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ ካላስተላለፈ ጥፋቱ በማጣበቂያው መጠን ላይ ነው። ማጣበቂያ እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ይሸፍነዋል፤ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ እስኪነካኩ ድረስ ምንም አይተላለፍም፣ መነካካት ሲጀምሩ ደግሞ ሬዚስታንሱ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ እጥፍ ይወድቃል። ከደረቁ ጠቅላላ ክብደት ዱቄቱ 20፣ 40 እና 60 በመቶ የሆነ ሦስት ውህድ ሠርተው መስታወት ላይ ይቀቡና ካደረቁ በኋላ ያወዳድሩ። የእንጨት ሙጫ ግማሽ ያህሉ ውሃ መሆኑን በሒሳቡ ይያዙ። 60 በመቶው በደንብ ያስተላልፋል ግን ይፈረፍራል፤ ብዙ ጊዜ በመሃል ያለው ይሻላል። ብዙ ጊዜ አይፍጩት፤ ፍጭት ቁርጥራጮቹን ያሳጥራል፣ መገጣጠሚያውን ያበዛል። ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ጫን አድርገው ማሸት እንደ መምህሩ ማንኪያ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። እንከን ሁልጊዜ ጉዳት ነው?

መልስ፦ ለአስተላላፊነት አዎ። ለሌላ ሥራ ግን እንከን ሆነ ተብሎ ይሠራል። በሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክን በፍጥነት በሚያከማችና በሚለቅ ዕቃ) ውስጥ ቀዳዳዎቹ የጨው አዮኖች ወደ ውስጠኛው ንጣፍ እንዲገቡ በር ይሆናሉ። በጋዝ መመርመሪያም ጋዙ የሚጣበቀው በጸዳው መረብ ላይ ሳይሆን በጠርዙና በእንከኑ ላይ ነው። ዕቃው ለምን እንደተፈለገ ሳይታወቅ «ጥሩ ግራፊን» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነው ያለሁት። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ። ባና ላይ የካርቦን ቀለም ቀብቶ በ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ማሞቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ለእግር ማሞቂያ ያህል። ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ 15 ዋት ለማግኘት ጠቅላላ ሬዚስታንሱ 9.6 ኦም መሆን አለበት፤ 12 በ12 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል ማለት ነው። ቀለምዎ በካሬ 1,000 ኦም ከሆነና ኤሌክትሮዶቹን በሁለቱ ዳር ካደረጉ 0.14 ዋት ብቻ ያገኛሉ፤ ምንም አይሞቅም። የተሻለ ቀለም ያስፈልግዎታል፣ ወይም ኤሌክትሮዶቹን ያቀራርቡ። በካሬ 100 ኦም የሆነ ቀለም ላይ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ ሁለት የመዳብ ጥብጣቦች በ3 ሴንቲሜትር ርቀት ቢቀመጡ በመካከላቸው ያለው አንድ አሥረኛ ካሬ ስለሆነ 10 ኦም ይሰጣል። ሙሉውን ቦታ ለማዳረስ ጥብጣቦቹን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አንዱን አዎንታዊ፣ ቀጣዩን አሉታዊ እያደረጉ ይደርድሩ፤ ክፍተቶቹ በበዙ ቁጥር ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ስለሚወርድ ቀለሙን በዚያው ልክ ያሳሱ።

በሱፍ ላይ ሁለት ችግር ይጠብቅዎታል። አንደኛ፣ የበግ ፀጉር ቅባት ስላለው ውሃ ያለበት ቀለም አይዘውም፤ ባናውን አስቀድመው በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ ይጠቡት። ሁለተኛው የባሰ ነው። ባና ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የኤሌክትሪኩን መንገድ ሲቆርጥ ፍሰቱ ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ዙሪያ ይታመቃል፣ እዚያች ቦታ ላይ ያለው ሙቀት ከሌላው እጅግ ይበልጣል። አማካዩ 35 ዲግሪ ሆኖ አንድ ነጥብ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ባናው ላይ በቀጥታ ከመቀባት ይልቅ በጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ላይ ቀብተው፣ ሳይታጠፍ በሁለት የባና ቁራጭ መካከል ይስፉት። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ 2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ከመጠቀምዎ በፊት በየጊዜው በጨለማ ክፍል አስር ደቂቃ አብርተው በእጅዎ ጀርባ ዳብሱት፤ ከጎረቤቱ የሚሞቅ ነጥብ ካገኙ ያ ቦታ ተሰንጥቋል፣ ደግመው አይቀቡት፣ ቁራጩን ይለውጡት። ተኝተው አይጠቀሙበት፣ ለሕፃናትም አያልብሱት።